ሃያ ስድስት ኢንች

ኤፕሪል 9፣ ማክሰኞ

ሠላሳ ስድስት ዓመት ፊዚክስ ሳስተምር ለተማሪዎቼ የምሰጠው የመጀመሪያ ትእዛዝ «ያያችሁትን ጻፉ፤ የተመኛችሁትን አትጻፉ» የሚል ነበር። ይህንንም ደብተር በዚያው ደንብ እጽፋለሁ።

ያየሁት ይህ ነው። ባለቤቴ ሜርል በፌብሩዋሪ ስትሮክ ከመታው ወዲህ ቀኝ ጎኑ ዝሏል። ቃላት ከአፉ የሚወጡት እየተጎተቱ ነው። ከሐኪም ቤት በቀር የትም አይሄድም፤ ሰው ሲመጣ መኝታ ቤት ይገባል። ዛሬ ግን ጎረቤታችን ድዌይን በጓሮ በር ስለገባ ማምለጫ አላገኘም።

ድዌይን የመጣው ስለ ፒካፑ ነው። ሰማያዊዋ፣ የ1978ቷ፣ ሜርል ሃያ ሁለት ዓመት በየበጋው የክብደት ጋሪ ጉተታ የተወዳደረባት።

«እኔ የምፈልገው ሞተሩን ነው» አለ። «የቀረውን ለብረት ሰብሳቢ ትሰጡታላችሁ።»

«ውሰደው» አለ ሜርል። ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

እኔ ሳህን እያጠብኩ ነበር። «እስከ ጁላይ አትነካም» አልኩ። «ዘንድሮ የምነዳት እኔ ነኝ።»

ድዌይን ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ቲቸር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ እኮ ጥቁር ሰሌዳ አይደለም።»

«ጥቁር ሰሌዳማ በ1988 አንተም ፊት ነበረ። ምን አየህበት?»

ድዌይንን በፊዚክስ የጣልኩት እኔ ነኝ። መውደቅም ነበረበት።

ሜርል ግራ እጁን አንስቶ አንድ ጣት አሳየኝ። «አንድ... ሙሉ። ከጎተትሽ... ትቆያለች። ካልጎተትሽ... የድዌይን ናት።»

ሙሉ ማለት የክብደቱን ጋሪ ሦስት መቶ ጫማ፣ ከመነሻው እስከ ሜዳው ጫፍ ድረስ መጎተት ነው። ሜርል በሃያ ሁለት ዓመት አንድም ሙሉ የለውም። ከሁሉ የሚበልጠው 287 ነው።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። የሳህኑ ውሃ በጣም ሞቆ ነበር።

ኤፕሪል 14፣ እሑድ

የውድድሩን ደንብ ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ምድባችን «የመንገድ ጎማ» ይባላል። መንገድ ላይ እንዲነዳ የተፈቀደ ማንኛውም ጎማ ይቻላል። ፒካፑ ከነነጂው ከስድስት ሺህ ፓውንድ አይበልጥም። ከኋላ ያለው የመጎተቻ መንጠቆ ከመሬት ከሃያ ስድስት ኢንች በላይ ከፍ አይልም።

ጋሪው ተንኮለኛ ፍጡር ነው። ሲጀምር ይቀልላል፤ እየሄደ ሲመጣ በላዩ ያለው የብረት ሣጥን በሐዲዱ ወደ ፊት እየተሳበ መሬት ላይ ይጫነዋል። የመጀመሪያውን መቶ ጫማ ማንም ይጎትታል። የመጨረሻዎቹን ሃያ የሚጎትት ነው ሰው የሚባለው።

እስከ አውራጃው ትርኢት ሦስት ትንንሽ ውድድሮች አሉ፤ ትርኢቱ ጁላይ 13 ነው። በአጠቃላይ አራት ዕድል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እለውጣለሁ። በመጀመሪያው ላይ ምንም አልለውጥም፤ መነሻ ከሌለ መሻሻል አይለካም።

ይህን ለሜርል አስረዳሁት። «አንዱን... ልታባክኚ?» አለ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ኤፕሪል 27

ልምምድ፣ በማሳው ዳር። ፍሪሲዮኑ የበሬ ጉልበት ይፈልጋል። ሁለት ጊዜ ሞተሩ ጠፋብኝ። አንድ ጊዜ አጥሩን ልነካው ምንም አልቀረኝም።

የመኝታ ቤቱ መጋረጃ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ንፋስ ይሆናል። መስኮቱ ዝግ ነው።

ሜይ 18፣ ቅዳሜ

231 ጫማ። ከአሥራ አንድ ዘጠነኛ።

ሁሉንም እንደ ሜርል አደረግሁ። ያው የጭቃ ጎማ፣ ያው መንጠቆ። ሜዳ ስደርስ እንደ እሱ ከጎማዎቹ ንፋስ ቀነስኩ፤ ጎማው ሲለሰልስ መሬቱን በሰፊው ይይዛል። ባንዲራው አረንጓዴ ሲሆን ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ። ወደ ሁለት መቶ ስቃረብ የኋላ ጎማዎቹ ዝም ብለው ተሽከረከሩ፤ ጭቃ ውስጥ እንደ ገባ ፈረስ።

ስመለስ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ሰው «የሜርል መኪና መሆኗ ያስታውቃል» ሲል ሰማሁ። ሌላው ሳቀ።

ቤት ስገባ ሜርል ቁጥሩን እንኳ አልጠየቀኝም። ራሴው ነገርኩት። «እኔም... በመጀመሪያው... 231 ነበርኩ» አለ።

ሜይ 20፣ ሰኞ

ይህን በጥንቃቄ መጻፍ አለብኝ።

ጠዋት ጋራዥ ውስጥ የመንጠቆውን ቁመት ለካሁ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ደልዳላ። ልክ ሃያ ስድስት። ሜርል ጠንቃቃ ሰው ነው፤ አንዲት ፀጉር አላዛነፈም። ደስ ብሎኝ ጻፍኩት።

ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ ሳላውቅ፣ በሜዳው እንደምናደርገው ከጎማዎቹ ንፋስ ቀነስኩ። በንፋስ መለኪያው ከአርባ ወደ አሥራ ስምንት። ደግሜ ለካሁ።

ሃያ አራት ከሰባት ስምንተኛ።

ከአንድ ኢንች በላይ ጎድሏል። ሦስት ጊዜ ለካሁ። ንፋሱ ሲወጣ ጎማው ይተኛል፤ ጎማው ሲተኛ ፒካፑ ዝቅ ትላለች፤ መንጠቆውም አብሮ ይወርዳል። ሜርል በሙሉ ንፋስ፣ በሲሚንቶ ላይ ለክቶ፣ ሜዳ ሄዶ ንፋሱን ያወጣል። በየዓመቱ። መንጠቆው ዝቅ ሲል ደግሞ ሰንሰለቱ የኋላ ጎማዎቹን ወደ መሬት የሚጫንበት ጉልበት ይቀንሳል። ጎማዎቹ የሚሽከረከሩት ለዚህ ነው።

ዳኛው በየውድድሩ ይለካል። ግን ዳኛ የሚለካው ከፍታን ነው። ከፍ ካልክ ያስወጣሃል። ዝቅ ካልክ ማንም አይነግርህም።

የቀረውንም ልጻፍ። 2002፣ ጸደይ። ሜርል ፒካፑን ገና የገዛ ሰሞን፣ እኔ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ የፈተና ወረቀት እያረምኩ፣ በሩ ላይ ቆሞ «ላቮን፣ ቁመት የት ላይ ነው የሚለካው?» አለኝ። ቀና ሳልል «ደልዳላ ወለል ላይ» አልኩት።

ትክክል ነበር። ግማሽ መልስ ነበር። ግማሽ መልስ ለሰጠ ተማሪ ግማሽ ነጥብ እሰጥ ነበር። ለራሴ ስንት እሰጣለሁ?

ሃያ ሁለት በጋ የተመልካች መቀመጫ ላይ ሆኜ ወረቀት አርሜአለሁ። አንድ ጊዜ ቀና ብል ኖሮ ጎማው ተኝቶ አየው ነበር።

ሜይ 25

መንጠቆውን ከፍ አደረግሁ። ቡሎኖቹን ፈትቼ አንድ ቀዳዳ ወደ ላይ፣ ቀሪውን በስስ ብረት ሞላሁ። በዝቅተኛ ንፋስ፣ እኔው ተቀምጬበት፣ ነዳጁ ሞልቶ፦ ሃያ ስድስት።

ለሜርል አልነገርኩትም። ሰኞ እነግረዋለሁ።

ጁን 3

አልነገርኩትም።

ጁን 8፣ ቅዳሜ

248። አምስተኛ።

የኋላዎቹ መሬቱን ያዙ! ግን አሁን ፊቷ ተነሳ። ወደ ሁለት መቶ አርባ ስደርስ ከፊቴ ሰማይ ብቻ ነው የማየው፤ የፊት ጎማዎቹ አየር ላይ ይቀዝፋሉ። አራት ጎማ እየከፈልኩ በሁለት ሄድኩ ማለት ነው።

ድዌይን መስመር ላይ ጠበቀኝ። «እግዜር ይመስገን! መንጠቆውን አነሱት በመጨረሻ!»

«ዝቅ ማለቱን ታውቅ ነበር?»

«ዓይን አለኝ እኮ ቲቸር።»

«ስንት ዓመት?»

ጭንቅላቱን አከከ። «ከአስራ አምስት አያንስም።»

«ለምን አልነገርከውም?»

«ከፍ ሲል ዳኛው ይናገራል። ዝቅ ሲል መናገር የማን ሥራ ነው? ተወዳዳሪው ነኝ እንጂ ሚስቱ አይደለሁም።»

ይህን ያለው እየሳቀ ነው። ምንም አላሰበበትም። መንገዱን በሙሉ ግን በጆሮዬ ሲያንቃጭል መጣ።

ጁን 9፣ እሑድ

ነገርኩት። ኩሽና ውስጥ፣ ቆሜ።

«ቀይ እስክሪብቶ... ይዘሽ ነበር» አለ። እሱም ያስታውሳል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የለበስኩትን። «ደልዳላ ወለል... አልሽ።»

«ግማሽ መልስ ነበር፣ ሜርል።»

ጠረጴዛውን አየ። «ሃያ ሁለት ዓመት» አለ። «አንድ ኢንች።»

ተነሥቶ ከዘራውን ይዞ መኝታ ቤት ገባ።

ጁን 10

አላናገረኝም።

ጁን 11

አላናገረኝም። ሾርባውን ግን ጨረሰ።

ጁን 12፣ ረቡዕ

ጋራዥ ውስጥ ከፒካፑ ሥር ጋደም ብዬ ባሌስትራውን ስመረምር የከዘራ ኮቴ ሰማሁ። ሜርል። ከፌብሩዋሪ ወዲህ ጋራዥ ሲገባ የመጀመሪያው ነው። በግራ እጁ የብረት ሜትር ይዟል።

«ውጪ» አለኝ። ወጣሁ። ጎንበስ ብሎ ራሱ ለካ። በሙሉ ንፋስ። ንፋሱን እንድቀንስ በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ደግሞ ለካ። ብዙ ጊዜ ፈጀበት፤ አላገዝኩትም።

ከዚያ መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ከቀኝ በኩል ይንጠለጠላል፤ ግን የሜርል ሳቅ ነው። «287ን...» አለ፣ «በዝቅ መንጠቆ... ነው የጎተትኩት! ድዌይን... ይህን ሲሰማ... ይፈነዳል!»

እኔ በደሌን ስቆጥር ሰነበትኩ፤ እሱ ጀግንነቱን።

ፊቷ እንደሚነሳ ነገርኩት። አየኝ፣ ከላይ እስከ ታች። «ስንት... ትመዝኛለሽ?»

«ሜርል!»

«ለሳይንስ... ነው።»

131። እሱ ሲነዳ 262 ነበር። ልክ እጥፍ። ፒካፑ ከነነጂው ስድስት ሺህ ድረስ ይፈቀድላታል፤ እሱ ወንበር ላይ ይዞት ይዞር የነበረውን ሥጋ እኔ የት እንደማስቀምጥ መምረጥ እችላለሁ። ከፊት! ከመከላከያው ብረት ፊት!

ምድር ቤት ካለው የድሮ የክብደት ማንሻው አራት ብረቶች መረጥን፦ አርባ አምስት፣ አርባ አምስት፣ ሠላሳ አምስት፣ አምስት። 130። አንድ ፓውንድ ይቀራል። «ምሳሽ» አለ ሜርል።

ጁን 15፣ ቅዳሜ

ጎማ። ጎሚስታዋ ትሪሻ ዘንድ ሄድኩ። እሷም ተማሪዬ ነበረች፣ ጎበዝ፤ ሁልጊዜ እጇ ላይ ግራሶ የነበረባት።

የጭቃ ጎማችን ጥርሱ ሰፊና ጥልቅ ነው፣ ቁመቱ ሠላሳ አምስት ኢንች። ትሪሻ ሌላ አሳየችኝ፦ ሁለገብ ጎማ፣ ሠላሳ ሦስት ኢንች፣ ሰፊ ደረት፣ ጥርሱ የተቀራረበ፣ ግማሹ ያለቀ።

«ቲቸር፣ ይሄን እኮ ልጥለው ነበር። አዲስ ላምጣልዎት?»

«ያለቀውን ነው የምፈልገው። አጭር ጥርስ አይወላገድም። አሮጌ ጎማ ካለሽ ደግሞ ከሁለቱም ዓይነት አንድ አንድ ቁራጭ ቁረጪልኝ።»

«ለምን?»

«ለፈተና።»

«አሁንም ይፈትናሉ?»

የሚለካው ዳኛ ኖርብ ከትርኢቱ ሜዳ አንድ ባልዲ ሸክላ አፈር እንድወስድ ፈቀደልኝ። ሣጥን ውስጥ ጠቀጠቅሁት። የጎማ ቁራጮቹን ላዩ ላይ አስቀምጬ፣ ከላይ ጡብ ጭኜ፣ በሜርል የዓሣ ሚዛን ጎተትኩ። አፈሩ ደረቅና ልል ሲሆን የጭቃው ጥርስ 19 ፓውንድ ያዘ፣ ሁለገቡ 15። ውሃ ጠጥቶ ሲጠቀጠቅ የጭቃው 22፣ ሁለገቡ 27። አምስት አምስት ጊዜ ደገምኩት።

ኖርብን ደውዬ ጠየቅሁ። የትርኢቱን ሜዳ ዓርብ ማታ ያጠጡታል፣ ቅዳሜ ጠዋት በከባድ ሮለር ይጠቀጥቁታል።

ሜርል ጎማዎቹን አየ። «የሞተ ጎማ» አለ።

ሚዛኑን አሳየሁት።

«የሞተ ጎማ» አለ እንደገና፣ ቀስ ብሎ፣ እየቀመሰው። «የሚይዝ።»

ደንቤ ግን ደንብ ነው። ጁን 22 ላይ ክብደቱ ብቻ ይለወጣል፣ ጎማው ለትርኢቱ ይቆያል።

ጁን 22፣ ቅዳሜ

ዝናብ። ከንጋት ጀምሮ። ውድድሩ ተሰረዘ። ሌላ ቀን የለም።

ጁን 24፣ ሰኞ

አሁን የቀረው አንድ ዕድል ብቻ ነው። ክብደቱን ሳልፈትን ጎማ መለወጥ ማለት ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ መለወጥ ነው። ቢበላሽ የቱ እንዳበላሸው አላውቅም። ቢሳካም የቱ እንዳሳካው አላውቅም። ለተማሪ ይህን ብቀበል ኖሮ ያሳፍረኝ ነበር።

ሜይ 18ን አባከንኩት። ሜርል ነግሮኝ ነበር።

ዛሬ ገበያ ውስጥ፣ ከዳቦው መደርደሪያ ወዲያ፣ ሁለት ሴቶች። «ባሏ እንደዚያ ሆኖ እሷ መኪና ትጫወታለች።» «ከሐዘን ነው፣ ተያት።» የዕቃ ጋሪዬን ትቼ ወጣሁ። ቤት ደርሼ ነው ወተት አለመግዛቴን ያወቅሁት።

ከሐዘን አይደለም። ይህን መጻፍ አለብኝ፣ ያየሁትን ነው የምጽፈው ብያለሁና። ሰንሰለቱ ሲወጠርና ወንበሩ ጀርባዬን ሲገፋኝ ስልሳ ስምንት ዓመቴ መሆኑን እረሳለሁ።

ጁን 25

ሜርል ወሰነ። ቁርስ ላይ፣ ማንኪያውን እያወዛወዘ፦ «ሁለቱንም። ሳይንስ... ያርፍ።»

«ሳይንስ አያርፍም።»

«እንግዲያስ... ዓይኑን ይጨፍን።»

ጁላይ 1፣ ሰኞ

ትሪሻ ጎማዎቹን ገጠመች። ጋራዥ ገብተን ለካን። ሃያ አምስት! እርግጥ ነው፤ ጎማው በሁለት ኢንች ካጠረ ፒካፑ በአንድ ኢንች ትወርዳለች። አውቀው ነበር፣ ጽፌውም ነበር፣ ሆኖም ቁጥሩን ሳየው ደነገጥኩ። ጎማና መንጠቆ ባልና ሚስት ናቸው፤ አንዱን ነክተህ ሌላውን አልነካሁም ማለት አይቻልም።

ሜርል ወንበር አስመጣና ከኋላዋ ተቀመጠ። ቡሎን በግራ እጁ ያቀብለኛል። ሮንዴላ ስጠይቀው ቡሎን ይሰጠኛል፣ ቡሎን ስጠይቀው ሮንዴላ። መጀመሪያ እጁ መስሎኝ ዝም አልኩ። ሦስተኛው ላይ እየሳቀ አገኘሁት።

በአሥራ ስምንት ንፋስ፣ እኔ ተቀምጬ፣ 130 ፓውንዱ ከፊት ተሰቅሎ፣ ምሳዬ ጭኔ ላይ፦ ሃያ ስድስት።

ጁላይ 12፣ ዓርብ

ሁሉም ዝግጁ። ደግሜ ለካሁ። ያው።

ሜርል አልመጣም አለ። ከዘራውን አሳየኝ፣ አፉን አሳየኝ። «ሰው ሁሉ... እዚያ ነው።» ለምኜ አላውቅም፤ ዛሬ ለመንኩት። ከከብቶቹ በረት ጎን መኪና ውስጥ ተቀምጦ ሊያይ ተስማማ፤ እንዳይወርድ፣ ማንም እንዳይመጣበት።

ይሁን።

ጁላይ 13፣ ቅዳሜ

በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ነገ ይህን የሚያምነኝ ደብተሩ ብቻ ነው።

ጠዋት በቀዝቃዛው ለክቼ ሃያ ስድስት ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት፣ እንቁላል የሚቀቅል ፀሐይ። አሥራ ሦስት ተወዳዳሪዎች። ድዌይን ከእኔ በፊት ገባ፤ 291 ጎተተ። ሕዝቡ ጮኸለት። ኮፈኑን ሳመው።

ተራዬ ደረሰ። ኖርብ መለኪያውን ይዞ ከኋላ አጎነበሰ። ሁለቴ ለካ።

«ቲቸር። ሃያ ስድስት ከአንድ ስምንተኛ።»

«አይሆንም። ጠዋት ለክቻለሁ።»

«ጠዋት ሌላ ነው። ወይ ዝቅ ያድርጉት፣ ወይ ይመለሱ። ሦስት ደቂቃ አለዎት።»

ሙቀቱ! በጎማው ውስጥ ያለው ንፋስ በፀሐይ ተነፍቷል፤ ፒካፑን አንስቷታል። ይህን ለሠላሳ ስድስት ዓመት በየሴፕቴምበሩ በፊኛ አስተምሬዋለሁ። ንፋስ መለኪያዬን ከኪሴ ሳወጣ አመለጠኝና ከፒካፑ ሥር ወደቀ። ተንከባለለ። አላገኘሁትም። ስንት ልቀንስ? ብዙ ከቀነስኩ ጎማው ከቸርኬው ላይ ይዞራል፤ ግራና ቀኙ ከተለያየ ከመስመር ያስወጣኛል።

ያን ጊዜ ከዘራ ሰማሁ።

ሜርል ነበር። ከበረቱ እስከ መስመሩ አርባ እርምጃ ይሆናል፤ በሰው ሁሉ ፊት፣ ቆቡን እንኳ ሳያደርግ። ኖርብ «ሜርል! አንተ ሰውዬ አለህ እንዴ!» ብሎ ሊያቅፈው ተነሣ።

«ዝም በል» አለ ሜርል። «ልሰማ... ነው።»

ከዘራውን ለእኔ ሰጥቶ በጉልበቱ ወረደ። ግራ አውራ ጣቱን ቀኝ የኋላ ጎማው አፍ ላይ አደረገ። ፍስስስ። ጆሮውን አስጠግቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። አቆመ። ዳዴ እያለ ወደ ግራው ሄደ። ፍስስስ። አቆመ።

ኖርብ ለካ። «ሃያ ስድስት» አለ። «ፀጉር አታስገባም።»

በዚያው ድዌይን ከፒካፑ ሥር ንፋስ መለኪያዬን አውጥቶ አቀበለኝ። ግራውን ለካሁ፦ 18። ቀኙን፦ 18። ሜርል አየኝና «እርማት... አለሽ?» አለ።

አልነበረኝም።

ጉተታው ራሱ። አረንጓዴ። ቀስ ብዬ ሰንሰለቱን ወጠርኩ። ከዚያ ነዳጁን እስከ ታች ረገጥኩ። የፊት ብረቶቹ ተንቀጫቀጩ። መቶ። ፊቷ መሬት ላይ ነው። ሁለት መቶ። አሁንም መሬት ላይ ነው፤ መሪው በእጄ ይታዘዛል፣ አራቱም ይሠራሉ። ሁለት መቶ ሃምሳ። ሞተሩ ድምፁ ወፍራም ሆነ። ጋሪው ከኋላ ተቀመጠ፣ እንደ ሙት ከበደ። ጎማዎቹ ሊሽከረከሩ ጀምረው ተዉት። ጀመሩና ተዉት። እጮህ ነበር መሰለኝ። ምን እንደምል አላውቅም።

ቀይ ባንዲራ።

አቆምኩ። ቀይ ባንዲራ ስህተት ሠርቻለሁ ማለት መስሎኝ ግንባሬን መሪው ላይ ደፋሁ። ሕዝቡ ይጮሃል፤ የሚጮሁብኝ መሰለኝ። ሞተሩን አጠፋሁ። ከመስመር ወጥቼ ይሆን? ጎማው ዞሮ ይሆን?

ኮፈኑ በከዘራ ተመታ። ቀና አልኩ። ድዌይን ሜርልን በሜዳው ትንሿ መኪና ጭኖ እስከ ጫፍ አምጥቶታል። ሜርል እጁን ወደ ፊት ዘረጋ። ከፊት መከላከያዬ በአሥር እርምጃ ርቀት አጥሩ ነበር። ሜዳ አልቋል። የቀረ ሜዳ የለም።

ሙሉ። በምድቡ የዕለቱ ብቸኛ።

ድዌይን ቆቡን አወለቀ። «ቲቸር፣ አሁንስ ፊዚክሱን ያሳልፉኛል?»

«291 ከ300፣ ዘጠና ሰባት ከመቶ ነው። ዛሬ ብትፈተን ኖሮ በማዕረግ።»

«ሞተሩስ?»

ሜርል ሊመልስለት አፉን ከፈተ። ሳቁ ቀደመው። ድዌይንም «ገባኝ፣ ገባኝ» አለና አብሮት ሳቀ፤ ከዚያ ጀርባውን እየመታ «አንተ ውሸታም ሽማግሌ፣ በጆሮህ ነው አሉ የምትለካው» ይለው ጀመር። ሰዎች መጡ። ብዙ ሰዎች። ሜርል መኝታ ቤት ሊገባ አልቻለም፤ እዚያ መኝታ ቤት የለም። የተጠበሰ የአሳማ ሥጋ ሳንድዊች በግራ እጁ ይዞ፣ ከወንበር ሳይነሣ ሁለት ሰዓት ሙሉ በዝቅ መንጠቆ 287 እንዴት እንደጎተተ ለሚሰማውም ለማይሰማውም ተረከ። ቃሎቹ ተጎተቱ። ማንም አልቸኮለበትም።

የትኛው እንደጠቀመ አላውቅም፤ ክብደቱ ይሁን ጎማው። ተማሪ ቢሆን ይህን ወረቀት እመልስበት ነበር። እኔ አልመልሰውም።

ጁላይ 15፣ ሰኞ

ከጓሮ ስመለስ ሜርል ስልክ ይዟል። ከስትሮኩ ወዲህ ራሱ ሲደውል አይቼው አላውቅም። በሩ ላይ ቆምኩ። የሚያናግረው በጎረቤት አውራጃ የኦገስቱን ውድድር የሚመዘግቡትን ነው። ወዲያ ያለችው ሴት ድምፅዋ ይሰማኛል፤ አልገባትም፣ «እባክዎ ይድገሙልኝ» ትላለች።

«ዜነር» አለ፣ የቤተሰባችንን ስም። «ዜ... ነር።» አራት ጊዜ። ስልኩን ወደ እኔ አላዞረም። እኔም እጄን አልዘረጋሁም፤ ይህን ለማድረግ ሁለቱን እጆቼን ኪሴ ውስጥ መክተት ነበረብኝ።

«ነጂ?»

«ላቮን። ሚስቴ... ናት።»

ስሜን ጻፈች መሰለኝ። ከዚያ ከዚህ በፊት የተጎተተ ትልቁ ርቀት ስንት እንደሆነ ጠየቀችው።

ሜርል ቀና ብሎ አየኝ።

«ሙሉ» አለ።

ይህችን ቃል ሳይጎትታት ነው ያላት።